ያበላሸሁት ናሙና



ስለ ሥራዬ እንድናገር ስጠየቅ መጀመሪያ ያሰብኩት ያማሩትን ምስሎች ይዤ መቅረብ ነበር። ኋላ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። ዛሬ የምነግራችሁ ስላበላሸሁት ናሙና ነው።

የምሠራው በብሎክ ኮፖሊመርና በናኖ ቅንጣቶች ላይ ነው። ስሙ አያስፈራችሁ። ዘይትና ውሃ አንድ ዕቃ ውስጥ ብትጨምሩ ይለያያሉ። በብሎክ ኮፖሊመርም ውስጥ ያሉት ሁለቱ የፖሊመር ሰንሰለቶች እንዲሁ አይዋደዱም፤ ልዩነቱ ጫፍ ለጫፍ በኬሚካዊ ትስስር መያያዛቸው ነው። መለያየት ይፈልጋሉ፣ መራቅ ግን አይችሉም። ተጣልተው አንድ ቤት እንደሚኖሩ ባልና ሚስት፣ ያላቸው ምርጫ ቤቱን መከፋፈል ነው። እናም ማንም ሳይነካቸው ራሳቸው ይደረደራሉ፤ እንደ ርዝመታቸው ድርሻ አንዳንዴ እንደ መሶብ እንጀራ በድርብርብ፣ አንዳንዴ በዘንግ፣ አንዳንዴ በድቡልቡል መልክ። የድርድሩ ስፋት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 ናኖሜትር ነው።

አሁን ወርቅ እንጨምርበት። ራቁቱን ያለ የወርቅ ቅንጣት ከቢጤው ጋር ይጣበቃል፤ ስለዚህ ሞለኪውል እናለብሰዋለን። ልብሱ ከአንደኛው ሰንሰለት ጋር ከተስማማ ቅንጣቱ ወደዚያ ክፍል ይገባል። ከሁለቱም የተቀላቀለ ልብስ ከሆነ ድንበሩ ላይ ይቆማል። መጠንም ይወስናል። አና ባላዝስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 በስሌት እንዳሳዩት፣ ትልቅ ቅንጣት ወደ ክፍሉ መሀል ይሰበሰባል፤ ትንሹ ግን ይበተናል። ምክንያቱ ኤንትሮፒ ነው፤ ሰንሰለቶቹ ትልቁን ለመዞር መለጠጥ አለባቸው፣ መለጠጥ ደግሞ አይመቻቸውም።

ጥቅሙስ? እ.ኤ.አ. በ2008 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው የኡልሪክ ቪስነር ቡድን የፕላቲኒየም ቅንጣቶችን በዚህ መንገድ አስደርድሮ ፖሊመሩን በኋላ አስወገደው። የቀረው በሥርዓት የተቦረቦረ ፕላቲኒየም ነው። ብረቱ ብዙ ገጽ ስለሚያገኝ ለነዳጅ ሴል ማፋጠኛነት ይታሰባል።

እኔም ይህን ሁሉ አንብቤ ነው ቤተ ሙከራ የገባሁት። ናሙናዬን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሳየው ግን ወርቁ እዚህም እዚያም ተቆልሏል፤ ጥቁር ጓል ብቻ! ደገምኩት፣ ያው ነው። ለሰባት ወር ያንን ምስል ለአማካሪዬ አላሳየሁም።

ለምን? እዚህ ተማሪ ሳለን የላብራቶሪ ውጤታችን ከመጽሐፉ ጋር አልገጥም ሲል ምን እናደርግ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ቁጥሩን "እናስተካክል" ነበር! ሳቁ እንጂ፣ ሁላችንም አድርገነዋል። እኔ ያንን ልማድ ይዤ ነው የሄድኩት። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምስል ግን እንደ ቁጥር አይስተካከልም።

በመጨረሻ ጨንቆኝ አሳየሁ። አማካሪዬ አልተቆጣም። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ "ልብሱ ምን ያህል ሸፍኖታል? ለማድረቅስ ስንት ጊዜ ሰጠኸው?" መልሱ እዚያው ምስሉ ላይ ነበር። የወርቁ መቆለል ልብሱ መሳሳቱን ይናገራል። ወርቅ በሌለበት ቦታ እንኳ ድርድሩ መዘበራረቁ ደግሞ የኔን መቸኮል ይናገራል፤ ማሟሚያው በደቂቃዎች በመትነኑ ሰንሰለቶቹ ቦታቸውን ሳያገኙ ባሉበት ደርቀው ቀርተዋል። ቅንጣቶቹን በደንብ አልብሼ፣ ማሟሚያውን በክዳን ሥር ሁለት ቀን ቀስ ብሎ እንዲተን ተውኩት። ተደረደረ።

ሰባት ወር የፈጀብኝ ሳይንሱ ሳይሆን ያ ምስል መሳቢያ ውስጥ መቀመጡ ነው።

ስለዚህ መምህራኖቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። ውጤቱ ተበላሽቶበት ለምን እንደተበላሸ በሐቅ ለሚያስረዳ ተማሪ ማርክ ስጡት። መጽሐፉን ከገለበጠው የበለጠ ስጡት። ወድ መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ይህ ነገ ጠዋት ሊጀመር ይችላል። እኛም የቀድሞ ተማሪዎች ለታናናሾቻችን ስንናገር የተበላሹብንን ናሙናዎች እናሳያቸው። እኔ ዛሬ ጀመርኩ።