ሕፃኑን ልትመግብ የመጣች ዶሮ ሕፃኑን እንዳትጎዳ

(ለሰበካ ጉባኤ የልማት ክፍል ተጠሪዎችና ለካህናት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ በአንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በአጥቢያዎቻችን የልማት ሥራ ሲታቀድ ከሁሉ አስቀድሞ ከሚነሡት አንዱ የጓሮ ዶሮ እርባታ ነው። ዶሮ ሰፊ መሬት አትጠይቅም፤ በጥቂት ገንዘብ ትጀመራለች፤ ባሏ የሞተባት እናትም ሆነች በዕድሜ የደከሙ አረጋዊ በደጃቸው ሊይዟት ይችላሉ። እንቁላሏ ለሕፃን ዕድገት እጅግ ከሚረዱት ምግቦች አንዱ ነው፤ የሽያጩም ገንዘብ ለደብተርና ለጨው ይደርሳል። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ዶሮ ማርባትን ለማስጠላት የታሰበ አይደለም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ዶሮዋ በረከት ሆና የምትቀጥለው ሕፃኑ ከሚድኽበት ወለልና ከሚበላው ምግብ ተለይታ ስትያዝ ነው።

ጤነኛ የምትመስለው ዶሮ

ገበሬያችን ፈንግልን ያውቃል። ፈንግል ሲገባ ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ጥለው፣ አንገታቸው ተጠምዝዞ ይረግፋሉ፤ ጉዳቱ በዐይን ይታያል። ዛሬ የምንነጋገርባቸው ሁለት ባክቴሪያዎች፣ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር፣ ጠባያቸው ሌላ ነው። ሰውን የሚያሳምሙት ዝርያዎቻቸው አብዛኛውን ጊዜ በዶሮዋ አንጀት ውስጥ ይኖራሉ እንጂ ዶሮዋን አያሳምሟትም። ትበላለች፣ እንቁላል ትጥላለች፣ ላባዋም ያብረቀርቃል። ስለዚህ «ዶሮዬ ጤነኛ ናት» የሚለው የባለቤቷ ቃል እውነት ቢሆንም ለቤተሰቡ ዋስትና አይሆንም።

ተሕዋስያኑ ከአንጀት የሚወጡት በኩስ ነው። ከኩሱም ወደ እግሯ፣ ወደ ላባዋ፣ ወደ እንቁላሉ ቅርፊት፣ ወደ መሬቱና ወደ ሰው እጅ ይተላለፋሉ። ሳልሞኔላ በደረቀ ኩስ ውስጥ እንኳ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ካምፒሎባክተር ድርቀትን አይቋቋምም፤ ነገር ግን ሰውን ለማሳመም ጥቂት መቶ ተሕዋስያን ብቻ ሊበቁ ይችላሉ። የተያዘ ሰው ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ትኩሳትና ትውከት ይጀምረዋል። ለጠንካራ ጎልማሳ በአብዛኛው በሳምንት ውስጥ የሚያልፍ ሕመም ነው። በሕፃን፣ በነፍሰ ጡር፣ በአረጋዊና በሌላ በሽታ በደከመ ሰው ላይ ግን ይጠናል፤ ለሞትም ሊያደርስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት፣ ከልዩ ልዩ ምክንያቶች በተበከለ ምግብ ሳቢያ በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰዎች እንደሚታመሙና 420 ሺህ እንደሚሞቱ፣ ከሟቾቹም 125 ሺህ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንደሆኑ ገልጿል።

የሚድኸው ሕፃን

በብዙ የገጠር ቤቶቻችን ዶሮዎች የሚያድሩት ሰው በሚተኛበት ጣሪያ ሥር ነው። ምክንያቱ ይገባናል፤ በሌሊት ሸለምጥማጥም ሌባም አለ። ሲነጋ ዶሮዎቹ ይወጣሉ፤ ኩሳቸው ግን በወለሉ ላይ ይቀራል። በዚያው ወለል ላይ ሕፃኑ ይድኻል፤ ያገኘውንም ሁሉ አንሥቶ ወደ አፉ ይወስዳል።

በምሥራቅ ሐረርጌ፣ በሐራማያ አካባቢ በሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶች በብዙዎቹ ዐይነ ምድር ውስጥ ካምፒሎባክተር መኖሩን አሳይተዋል። ተቅማጥ ባይታይም እንኳ ተሕዋሱ እየተመላለሰ ሲገባ የሕፃኑን አንጀት እንደሚጎዳ ባለሙያዎች ይገምታሉ፤ የተጎዳ አንጀት ደግሞ የተበላውን ምግብ በሚገባ ወደ ሰውነት አያሳልፍም። እንግዲህ ልብ እንበል፤ እናት ልጇን ለማሳደግ የዶሮዋን እንቁላል ታበላዋለች፤ በወለሉ ላይ የቀረው ኩስ ግን የእንቁላሉን ጥቅም ሊነጥቀው ይችላል።

የጾምና የፍስክ ዕቃ የሚለዩ እጆች

በሚገባ የበሰለ ዶሮ ወጥ አያሰጋም። ሥጋው እስከ አጥንቱ ድረስ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ እነዚህ ተሕዋስያን ይሞታሉ፤ ለረጅም ጊዜ የሚንተከተከው ወጣችን ከዚህ ያልፋል። አደጋው ያለው ከወጡ በፊት ነው። በፋሲካ ዋዜማ ዶሮው ታርዶ፣ በፈላ ውኃ ተነክሮ፣ ላባው ተነጭቶ ብልቱ ሲወጣ፣ ከአንጀቱ የወጣው ብክለት በእጅ፣ በቢላዋ፣ በመክተፊያና በሳፋ ላይ ይቀራል። በዚያው ቢላዋ ቃርያና ሰላጣ ይከተፋል፤ በዚያው እጅ የተቀቀለው እንቁላል ይላጣል። ቃርያውና ሰላጣው ደግሞ እሳት አያገኛቸውም።

ብልቱን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ የእናቶቻችን ሙያ ነው። ሽታን ይቀንሳል፤ ባክቴሪያውን ግን አያጠፋም፤ ውኃው ሲረጭም ብክለቱን በዙሪያው ላለው ሁሉ ያዳርሳል። ስለዚህ የምታጥበው እናት ከሌላ ምግብ ርቃ፣ ጎድጓዳ በሆነ ሳፋ፣ ሳታንቦጫርቅ ትጠብ፤ እጣቢውን ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ትድፋ፤ ሳፋውንና እጇንም ወዲያው በሳሙና ትጠብ።

ይህን ለማስተማር እንግዳ ቃል መፈለግ አይኖርብንም። እናቶቻችን የጾም ዕቃን ከፍስክ ዕቃ መለየት ከልጅነታቸው ያውቃሉ፤ በሁዳዴ ቅቤ የነካው ማንኪያ ከሽሮው ድስት አይገባም። ያንኑ ጥንቃቄ በጥሬ ሥጋና በተዘጋጀ ምግብ መካከል እናድርገው። ለጥሬ ዶሮ የራሱ ቢላዋና መክተፊያ ይኑረው፤ ያለው አንድ ብቻ ከሆነ ሰላጣው አስቀድሞ ተከትፎ ይከደን፣ ዶሮው ኋላ ይሰናዳ።

እንቁላልና ጾም

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ምእመናን እንቁላል ስለማይበሉ በየቤቱ ይከማቻል። ሳልሞኔላ በቅርፊቱ ላይ ብቻ አይገኝም፤ አንዳንድ ጊዜ ቅርፊቱ ሳይሠራ በፊት በዶሮዋ ሆድ ውስጥ ሳለ ወደ እንቁላሉ ይገባል። በሞቃት ቦታ ለሳምንታት የቆየ እንቁላል የአስኳሉ ሽፋን ይደክማል፤ ተሕዋሱም በውስጡ ይራባል። ስለዚህ ያለው በወቅቱ ይሸጥ፤ የሚቀመጠውም በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይሁን። የተሰነጠቀው ወይም ኩስ የበዛበት አይቀመጥ። ለጉልበት ወይም ለጉሮሮ እየተባለ ጥሬውን የሚጠጣም ይተወው፤ አስኳሉ እስኪጠነክር ይቀቀል።

በዚህ ረገድ ካህናት አባቶቻችን ሌላው ሊናገረው የማይችለውን ሊናገሩ ይችላሉ። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን እንዲጾም አይገደድም። አንዳንድ እናቶች ግን የጾሙ ዕቃ እንዳይነካካ ሲሉ በሁዳዴ ለሕፃኑ እንቁላል መቀቀል ያቆማሉ። የንስሐ አባት «ለሕፃኑ ትንሽ ድስት ለይተሽ አብስይለት» ቢላት፣ የተከማቸው እንቁላል ትኩስ ሳለ ለሚገባው ይደርሳል።

ከሰበካ ጉባኤው የሚጠበቀው

አንደኛ፣ ጫጩት ወይም ቄብ ከመታደሉ በፊት እያንዳንዱ ተቀባይ ከመኖሪያ ቤቱ የተለየ፣ ቆጥ ያለውና የሚዘጋ የዶሮ ቤት ይሥራ። በእንጨትና በጭቃ ሊሠራ ይችላል። አቅም ለሌላቸው የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በጉልበት ይርዷቸው።

ሁለተኛ፣ የሕፃኑ መጫወቻ ቦታ በአጥር ወይም በንጹሕ ምንጣፍ ይለይ፤ ኩስ በየዕለቱ ይጠረግ። ዶሮ ወይም እንቁላል የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሙና ከሌለ በአመድና በውኃ።

ሦስተኛ፣ በቤተ ክርስቲያን የአትክልት ቦታ ጥሬ ኩስ በሰላጣ ወይም በካሮት ላይ አይበተን። ለወራት ተከምሮና ተገላብጦ በሚገባ ከበሰበሰ በኋላ ማዳበሪያ ይሁን።

አራተኛ፣ በዝክርና በሰንበቴ የተረፈ ወጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ለብ ብሎ አይቀመጥ። ለነዳያን የሚሰጠው በትኩሱ ይሰጥ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቦታ ያደረ ወጥ እንደገና ቢፈላም አስተማማኝ አይሆንም፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚተዉት መርዝ በማፍላት አይጠፋምና። ለራሳችን ልጅ የማንሰጠውን ለነዳያን አንስጥ።

አምስተኛ፣ ለሰው የተሠራ የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትቶ ለዶሮ ማጠጣት ይቁም። ባክቴሪያዎቹ መድኃኒቱን ይለምዱታል፤ በኋላም ሰው ሲታመም መድኃኒቱ አይሠራለትም። ዶሮ ስትታመም የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠየቅ፤ የሞተችውም በጥልቅ ትቀበር።

ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ጡት ማጥባት አይቋረጥ፤ ኦ.አር.ኤስ. ይሰጠው፤ ዚንክም ከጤና ጣቢያ ይወሰድለት። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ወይም የዐይን መሰርጎድ ከታየ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ክቡራን አባቶች፣ የመንደሩን ቤቶች ሁሉ የሚያንኳኳ የጤና ሠራተኛ በየዕለቱ አይገኝም። የንስሐ አባት ግን በየቤቱ ይገባል፤ ቃሉም ይሰማል። ከሆሣዕና በፊት ባሉት ሰንበቶች በዓውደ ምሕረት የምትሰጡት የአምስት ደቂቃ ማሳሰቢያ በፋሲካ ሌሊት በየማእድ ቤቱ ይታወሳል። የታደለችው ዶሮ ቤት ተሠርቶላት፣ ሕፃኑም በንጹሕ ወለል ላይ ድኾ እንዲያድግ አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።