መጀመር ቀላል ሆኗል፤ መጨረስን እናግዝ

(በጂንካ በተካሄደ የተማሪዎች ምረቃ ላይ በተጋባዥ እንግዳ የተደረገ ንግግር)



የምረቃ እንግዳ ንግግሩን ለተመራቂዎች ማድረጉ የተለመደ ነው። እኔ ግን በእናንተ ፈቃድ ከንግግሬ ትልቁን ድርሻ ዛሬ ወንበር ላልተዘጋጀላቸው ልጆች ልስጥ። እናንተ በመደበኛው ትምህርታችሁ ላይ ደርባችሁ በኢንተርኔት የሚሰጥ ኮርስ ጀምራችሁ ጨርሳችኋል። ከእናንተ ጋር የተመዘገቡ፣ አንዳንዶቹም በጅምሩ ከእናንተ የቀደሙ፣ ነገር ግን መሐል ላይ የቆሙ ጓደኞች አሏችሁ። ያሉበትን ታውቃላችሁ፤ አንዱ ሁለት ምዕራፍ፣ አንዷ የመጨረሻው ፕሮጀክት ብቻ ቀርቷታል። ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ጥቂት ሳምንታት አሉን። ዛሬ የምናገረው ስለ እነዚህ ሳምንታት ነው።

በቅድሚያ ያገኘነውን አናሳንስ። ጂንካ ከአዲስ አበባ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከዓመታት በፊት ከዚህ ተነስቶ ኮምፒውተር ልማር ያለ ወጣት የአውቶቡስ ትኬት፣ የቤት ኪራይና የከተማ ዘመድ ያስፈልገው ነበር። ዛሬ በሐምሌ 2016 ዓ.ም ይፋ የሆነውና ከተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ጋር በትብብር የሚካሄደው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ መርሐ ግብር ፕሮግራሚንግን፣ ዳታ ሳይንስንና የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራን ያለ ክፍያ ያስተምራል። ለመመዝገብ አንድ ስልክና ጥቂት ዳታ ይበቃል። የጂንካ ልጅና የቦሌ ልጅ በአንድ ምሽት አንድ ዓይነት ትምህርት ሊከፍቱ ይችላሉ።

መክፈት ግን መጨረስ አይደለም። ይህ የእኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲና ኤምአይቲ በኢንተርኔት የሰጧቸውን ኮርሶች ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ውጤት አለ። ከተመዘገቡት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኮርሱን ከነጭራሹ አልከፈቱትም። እስከ መጨረሻ የደረሱት ከመቶ 3 ያህል ነበሩ። ለሰርተፍኬቱ ገንዘብ ከፍለው ከተመዘገቡት ዘንድ ግን ቁጥሩ ወደ 46 ከመቶ ይወጣል። ቪዲዮው ያው ነው፣ አስተማሪውም ያው ነው። ልዩነቱ ከፋዮቹ ቀድሞውንም ቆርጠው መግባታቸው፣ ካቋረጡም የሚያጡት ነገር መኖሩ ነው። የደቡብ ኦሞ ተማሪ በዶላር አይከፍልም፤ እንዲከፍልም አንፈልግም። ስለዚህ ያንን ቁርጠኝነት ከሌላ ቦታ ማግኘት አለበት። እኔ የማውቀው ሌላ ቦታ አንድ ነው፤ እሱም በየሳምንቱ «የት ደረስክ? የት ደረስሽ?» ብሎ የሚጠይቅና መልሱን ከልቡ የሚሰማ ሰው ነው።

ሀገራችን ይህን ትምህርት አንዴ በውድ ዋጋ ተምራዋለች። በ1997 ዓ.ም አካባቢ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ሲተከል ብዙዎቻችን ከትምህርት ጥራት ችግር የተገላገልን መስሎን ነበር። በሳተላይት የሚመጣው መምህር በጥሩ እንግሊዝኛ ያስረዳል፣ በጥሩ ሥዕል ያሳያል። ነገር ግን አይጠብቅም። ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። የክፍሉ መምህር ለማብራራት የሚተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነበር። በዚያ ዘመን የተማራችሁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ፤ የገባው ልጅ ብዙውን ጊዜ ፕላዝማው ከጠፋ በኋላ መምህሩ ወይም ጓደኛው ያስረዳው እንደነበር ታስታውሳላችሁ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ በመላ ሀገሪቱ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤታቸው ዋሉ። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ቀጠለ ተባለ። ቴሌቪዥን ያለው ቀጠለ፤ ከብት ሊጠብቅ የሄደው ግን አልቀጠለም። እንደገና ሲከፈት ያልተመለሱ ልጆችን የምታውቁ መምህራን እዚህ ተቀምጣችኋል። ዕቃው ያለ ሰው ሲሄድ ማንን ጥሎ እንደሚሄድ ያን ጊዜ አይተናል።

አሁን ወደ ራሳችን ወረዳዎች እንምጣ። ለምን የዓመቱ መጨረሻ ለእኛ ልጆች ከሌላው ይከብዳል?

ከቱርሚ፣ ከኦሞራቴ፣ ከካንጋተን ወይም ከሀና መጥቶ ጂንካ የሚማር ልጅ አስቡ። እዚህ እስካለ ድረስ መብራት አለ፣ ቢጠፋም ይመለሳል፤ ኔትወርክ አለ፤ ኮምፒውተር ያለው ትምህርት ቤት አለ። ሰኔ አልቆ ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ ግን ስልኩን ቻርጅ ለማድረግም ገበያ የሚወጣበትን ቀን ሊጠብቅ ይችላል። ለአዲስ አበባ ተማሪ ክረምቱ ያላለቀውን ኮርስ የሚጨርስበት የዕረፍት ጊዜ ነው። ለዚህ ልጅ ክረምቱ ኮርሱ የሚቋረጥበት ጊዜ ነው። ስለዚህ «በክረምት ትጨርሰዋለህ» ብሎ ማጽናናት ለእሱ ማጽናኛ አይሆንም። የሚጨርሰው ጂንካ እያለ ነው።

ሁለተኛው ቋንቋው ነው። ቤቱ ሐመርኛ ወይም ዳሰነችኛ ወይም አሪኛ የሚናገር ልጅ ትምህርት ቤት ሲመጣ አማርኛ ይጨምራል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ እንግሊዝኛ ይከተላል። የኢንተርኔቱ ኮርስ የሚያናግረው በዚህ በሦስተኛው ቋንቋ ነው፤ ያውም በፍጥነት። ቪዲዮውን አምስት ጊዜ የሚመልሰው ልጅ ሰነፍ አይደለም። ሦስት ሰው የሚሠራውን ሥራ ብቻውን እየሠራ ነው።

ሦስተኛው የፈተናው ጊዜ ነው። የመጨረሻው ፕሮጀክት ማስረከቢያና የትምህርት ቤቱ ማጠቃለያ ፈተና በአንድ ሳምንት ይገጥማሉ። ሴቶቹ ልጆች ላይ ደግሞ ውኃ መቅዳቱ፣ እህል ማስፈጨቱና ታናናሾችን መያዙ አይቀነስም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ትልቅ በጀት የሚጠይቀውን ለጊዜው ልተወውና በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ የሚቻለውን ልናገር።

አባቶችና እናቶች፣ ከእናንተ ልጀምር። ብዙዎቻችሁ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ በምን ላግዘው?» ትላላችሁ። የምትረዱት በማስረዳት አይደለም፤ በጊዜ ነው። ልጃችሁ የሚቀረው ሥራ ስንት ቀን እንደሚፈልግ ጠይቁት። አሥር ቀን ካላችሁ፣ ለአሥር ቀን የከብቱን ተራ ለወንድሙ ስጡት፤ ሴት ልጅ ከሆነች እንስራዋን ሌላ ሰው ይሸከም። ማታ ተመልሶ ሲመጣ ዛሬ ምን እንደሠራ በገዛ ቋንቋው ይንገራችሁ። ለእናት በሐመርኛ ማስረዳት የቻለ ልጅ ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው፤ መናገር ያቃተው ደግሞ የት ላይ እንደተያዘ ያን ጊዜ ያውቀዋል።

መምህራን፣ የተጠየቃችሁት ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በዚህ ሳምንት እያንዳንዱ ተማሪ የቀረውን ሥራ በወረቀት ይጻፍ፤ የተጠናቀቀውን አይደለም፣ የቀረውን። ከጎኑ ቀን ይጻፍበት። ከዚያ ከባድ የሚመስለው ነገር ብዙ ጊዜ መመሪያውን አለመረዳት ሆኖ ይገኛል። መመሪያውን አብራችሁ አንብቡላቸው፤ ሥራውን ግን አትሥሩላቸው። እስከ ማስረከቢያ ቀኑ የማይደርስላቸውን ደግሞ ለኮርሱ አዘጋጆች ጨዋ ደብዳቤ ጽፈው ተጨማሪ ጊዜ እንዲጠይቁ አስተምሯቸው። መጠየቅ እንደሚቻል ስለማያውቁ ብቻ የሚያቋርጡ ልጆች አሉ።

የሥራ ኃላፊዎች፣ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል በአሥር ሰዓት የሚቆለፍ ከሆነ ለእነዚህ ሳምንታት እስከ ምሽት ይከፈት፤ ቅዳሜም ይከፈት። ጠባቂውና ኃላፊው ለተጨማሪው ሰዓት ክፍያ ያግኙ። ክረምት ላይም ቢያንስ አንድ ክፍል ክፍት ሆኖ ከወረዳ ለሚመጡ ልጆች ማደሪያ ቢመቻች ከማቋረጥ የሚተርፉት ልጆች ቁጥር ቀላል አይሆንም። ይህ ቅንጦት አይደለም። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በኮምፒውተር ይሰጣል፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ማውስ በፈተናው ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጥ ተማሪ ትምህርቱን ቢያውቀውም ከሌላው እኩል አይፈተንም።

አሁን ወደ ተማሪዎቹ፤ ላልጨረሳችሁት ጭምር። የጀመራችሁትን ሁሉ ጨርሱ አልላችሁም። ነፃ ስለሆነ ብቻ አራት ኮርስ የተመዘገበ ልጅ አለ። ሦስቱን ዛሬ ይተው፤ የሚያፍርበት ነገር የለም። ለመጨረስ የቀረበውን አንዱን ይያዝ። ብሔራዊ ፈተና የሚጠብቀው ደግሞ ፈተናውን ያስቀድም። መምረጥም ትምህርት ነው።

ሁለተኛ፣ በሰው ሥራ ወይም ሰው ሠራሽ አስተውሎት በጻፈላችሁ መልስ ሰርተፍኬት አትውሰዱ። ያልገባችሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት፤ ጥሩ ነው። መልሱን ገልብጣችሁ ካስረከባችሁ ግን ቀጣሪ ፊት ስትቀመጡ ወረቀቱ አይናገርላችሁም። ሀገራችን ከፈተና ስርቆት ጋር ስንት ዓመት እንደታገለች፣ ለዚህም ሲባል የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች እየተወሰዱ እንደተፈተኑ ታውቃላችሁ። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ነጥብ 3 ብቻ ነበሩ። እውነተኛው ውጤት ቢያስደነግጥም የት እንዳለን ነገረን። ከተጭበረበረ ሰርተፍኬት ያልተጠናቀቀ ኮርስ ይሻላል፤ ያልተጠናቀቀውን መጨረስ ይቻላልና።

ሦስተኛ፣ ብቻችሁን አትማሩ። የኢንተርኔት ትምህርት ሲወደስ «ማንም ሰው ብቻውን፣ በፈለገበት ሰዓት» ይባላል። ብቻውን የተባለው ነው ብዙዎችን ያስቀረ። ገበሬ አጨዳ ሲደርስበት ደቦ ይጠራል እንጂ ማሳውን ብቻውን እየተመለከተ አያለቅስም። እናንተም አንዱ ሰው ኔትወርኩ ደህና በሆነበት ሌሊት ቪዲዮውን ዝቅ ባለ ጥራት ያውርድ፤ ለሌሎቹ በፋይል ማጋሪያው መተግበሪያ በዜንደር ያጋራ፤ አንድ ፓኬጅ ለአምስት ሰው ይብቃ። እንግሊዝኛ የሚሻለው ያንብብ፤ ሒሳብ የሚሻለው ያስላ።

ተመራቂዎች፣ መጨረሻ ላይ ወደ እናንተ እመለሳለሁ። ከእናንተ በፊት በዚህ ሀገር ለወጣቶች ሌላውን እንዲያስተምሩ ጥሪ ቀርቦላቸው ያውቃል። በ1971 ዓ.ም በተጀመረውና በኋላ በ15 ቋንቋዎች በተስፋፋው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተማሩት ወጣቶች ወደ ገጠር ጭምር ወጥተው አባቶችንና እናቶችን ፊደል አስቆጠሩ፤ ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ያ ሥራ የተሠራው በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ ነው። ያስኬደው የሰው ብዛት ነበር። ከእናንተ የሚጠየቀው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ሩቅ አትሄዱም፤ ዘመቻም አይታወጅም።

ዛሬ ፎቶ ከተነሳችሁና ቤተሰባችሁ ያዘጋጀውን ከበላችሁ በኋላ፣ እስከ ሰኞ ድረስ ያቋረጠ አንድ ጓደኛችሁን ፈልጉ። ያቆመበትን ገጽ እንዲከፍት አድርጉ፤ እናንተ እዚያ ቦታ ላይ እንዴት እንዳለፋችሁት ንገሩት። በሳምንት ሁለት ቀን አብራችሁት ተቀመጡ። ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት ቢጨርስ መልካም፤ ባይጨርስ ደግሞ ወደ ቤቱ ሲሄድ የቀሩትን ቪዲዮዎች በስልኩ ላይ ጭናችሁለት፣ የቀረውን ሥራ በወረቀት ጽፎ ይዞ ይሂድ። መስከረም ላይ ጂንካ ሲመለስ ከዜሮ አይጀምርም።

መምህራንና የሥራ ኃላፊዎች ይህንን እንደሚደግፉ አምናለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት የምረቃ ዝግጅት ላይ ስንት ተመረቁ ብቻ ሳይሆን ከጀመሩት ስንቱ ጨረሱ ተብሎም በይፋ እንዲነገር እጠይቃለሁ። ይህ ቁጥር ካደገ የዛሬው ሥራችን ፍሬ አፍርቷል።

ለተመራቂዎች፣ ለወላጆቻችሁና ለመምህራኖቻችሁ እንኳን ደስ አላችሁ እላለሁ። ሰኞ ሥራ አለን።