«ልጄ፣ ከመደቡ ብቻ አስነሺኝ»



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራሽ ንገሪን» ሲሉኝ ስለ ሆስፒታል እንደማወራ ገምተው ይሆናል። እኔ ግን የማወራው ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ በየቤቱ እየሄድኩ ለአረጋውያን ስለማስተምረው ዮጋ ነው። አዎ፣ ዮጋ! ሳቁ ግድ የለም፤ እኔም መጀመሪያ ስቄበታለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከራሴ ወገብ ነው። ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳኝ አንዲት ጓደኛዬ ዮጋ አስተማረችኝ፤ ቀለለኝ። «ይህማ ለታካሚዎቼም ይሆናል» ብዬ አንድ ቅዳሜ ስምንት እናቶችን ሰበሰብኩና ሁሉንም አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ አሠራኋቸው። ጎንበስ ብለው ቀና ሲሉ አንደኛዋ ዞረባቸው። ክንዳቸውን ባልይዝ ኖሮ ወድቀው ነበር። ለካ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። መድኃኒቱን ያዘዝኩላቸው ደግሞ እኔው ነኝ! በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ወዲህ የማስተምረው አንድን ሰው በአንድ ጊዜ፣ በገዛ ቤቱ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ምንም እንቅስቃሴ የለም። ቡና ይፈላል፤ እኔም ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? በዚህ ዓመት ወድቀው ያውቃሉ? ማድረግ እየፈለጉ ያቃትዎ ምንድን ነው? እስካሁን «የእግር ጣቴን መንካት» ያለኝ አረጋዊ የለም። አንዲት እናት ግን «ልጄ፣ ከመደቡ ብቻ አስነሺኝ። ሌሊት ደጅ ለመውጣት የልጅ ልጄን መቀስቀስ ሰለቸኝ» አሉኝ።

ትምህርታችን ይኸው ሆነ። መደቡ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጋቢ አጣጥፈን ደራርበን ከፍ አደረግነው። እግር ወደ ኋላ ሳብ፣ ደረት ወደ ፊት ዘንበል፣ እየተነፈሱ መነሣት። ትንፋሽ መያዝ ክልክል ነው፤ ግፊት ይጨምራል። ከተነሡ በኋላ ከመራመድ በፊት ትንሽ ቆም ማለት። ጉልበታቸው ሲጠና ጋቢውን አንድ አንድ እጥፍ እየቀነስን ሄድን። ሦስት ወር ገደማ ፈጀብን። አንድ ቀን ስገባ መደቡ ባዶ ነው። እያየኋቸው ተነሡ፤ «እንግዲህ ልጁ ይተኛበት» አሉ።

ለሌላው ሰው ደግሞ ሌላ ነው። አጥንታቸው የሳሳባቸውን ወገባቸውን አጥፈው እንዲጎነበሱ አላደርግም። ግላኮማ ያለበትን ሰው ራሱን ወደ ታች አላዘቀዝቅም። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሳንባ ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው የትንፋሽ ልምምዱ አጭርና ቀላል ነው።

አንድ ማኅሌት ቋሚ አባት «ይህ የማን ጸሎት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ ከሕንድ የመጣ ነው፣ እዚያ ከእምነት ጋር የተያያዘ ሥር አለው፣ እኔ የማስተምረው እንቅስቃሴውንና ትንፋሹን ነው አልኳቸው። ከንስሐ አባታቸው ጋር ተማክረው ተመለሱና «ስሙን ተዪው፣ እንቅስቃሴውን አምጪው» አሉኝ። መቋሚያቸውን ይዘው ክብደታቸውን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ማዛወር ተለማመድን። በዚህ እሳቸው ራሳቸው አስተማሩኝ ማለት ይቀላል። «አይሆንም» ያሉኝም አሉ፤ ውሳኔያቸውን አክብሬ የግፊታቸውን ክትትል ብቻ ቀጠልኩ።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በኒውዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በየቤቱ ለእያንዳንዱ አረጋዊ የሚመጠን የጡንቻና የሚዛን እንቅስቃሴ አዘጋጅተው፣ በጥናቶቻቸው መውደቅ በ35 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 እ.ኤ.አ. መመሪያው፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ሚዛንና ጉልበት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል። እኛ ግን የጉልበት ሕመም ይዞ ለሚመጣ አረጋዊ ማስታገሻ ጽፈን «ቀጣይ!» እንላለን። እኔም ለዓመታት እንደዚያው ስል ኖሬአለሁ።

መምህራኖቻችን ሆይ፣ አንድ ልመና አለኝ። ይህ የጎንደር ትምህርት ቤት በ1947 ዓ.ም. ሲመሠረት የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ቤት ለቤት መሄድ የኛው የቆየ ልማድ ነው። ተማሪዎቻችሁ ከመመረቃቸው በፊት ቢያንስ አንድ አረጋዊ ቤት ገብተው፣ ከመደብ እንዴት እንደሚነሣ ቁጭ ብለው ይመልከቱ። አልጋ ክፍል ውስጥ የማይታይ ብዙ ነገር እዚያ ይታያል።

እናንተም የክፍል ጓደኞቼ፣ አርባን ተሻግረናል። ለምሳ ስንነሣ ወንበሩን በእጃችሁ ሳትደገፉ ተነሡ። ያቃተው ካለ አይፈር፤ ቡና ያፍላ፣ እኔ ቤቱ ድረስ እመጣለሁ።