ቤት ሲለቀቅ ቤተኛው እንዳይለቅ፦ የኦንላይን ጨዋታ ሰርቨርን ስለ ማዛወር

(ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲው የሕዝባዊ ንግግር መድረክ ላይ የቀረበ ሲሆን፣ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጠቅሰዋል።)

የንግግሬ ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል፣ ምናልባትም ለዩኒቨርሲቲ መድረክ የማይመጥን መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም አንድ የኦንላይን ጨዋታ ሰርቨር ከአንድ አስተናጋጅ ድርጅት ወደ ሌላው ሲዛወር የሚገጥመው ፈተና ፋይል ከመቅዳት እጅግ የሰፋ ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ ሰዎች በፈቃዳቸው የመሠረቱት ኅብረት፣ የሚሰባሰብበት ቦታ ሲቀየር እንዴት ሳይበተን ይቆያል?

«ቤተኛ» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ መርጫለሁ። ቤተኛ ማለት አዘውትሮ የሚመጣ ደንበኛ ብቻ አይደለም፤ ሲመጣ እንደ እንግዳ የማይቆጠር፣ ሲቀር «ምነው ጠፋ?» ተብሎ የሚጠየቅለት ሰው ነው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ሬይ ኦልደንበርግ በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከመኖሪያና ከሥራ ውጭ ሰዎች የሚገናኙባቸውን ቡና ቤቶች፣ ጸጉር ቤቶችና የመሳሰሉትን «ሦስተኛ ቦታ» ብለው ሰይመዋቸዋል፤ ለእነዚህ ቦታዎች ጠባያቸውን የሚሰጧቸውም ቤተኞቻቸው መሆናቸውን አስረድተዋል። ስታይንኩህለር እና ዊሊያምስ የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2006 ይህንኑ አስተሳሰብ በኦንላይን ጨዋታዎች ላይ ፈትነው፣ እነዚህም ሦስተኛ ቦታ ሆነው ሊያገለግሉ እንደሚችሉ አሳይተዋል።

ጉዳዩን ከመጻሕፍት ብቻ አልተማርኩትም። ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር አንድ አነስተኛ የማይንክራፍት ሰርቨር አስተዳድር ነበር። ኪራዩ ስለከበደን በአንድ ሌሊት ወደ ርካሽ አስተናጋጅ አዛወርነው፤ ለተጫዋቾቹ የነገርናቸው በማግስቱ ነው። እነርሱ የሠሯቸውን ቤቶችና ከተሞች የያዘውን ዓለም አንዲት ጡብ ሳትጎድል ቀድተን ነበር። ይሁን እንጂ በአዲሱ ቦታ ከፊት ያቆምነው ፕሮክሲ የተጫዋቾቹን ትክክለኛ መለያ ወደ ዋናው ሰርቨር እንዲያስተላልፍ የሚያዝዘውን አንድ መስመር ሳናስተካክል ቀረን።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። እያንዳንዱ ተጫዋች በገዛ ስሙ ገባ፤ ሰርቨሩ ግን አላወቀውም። ለወራት ያጠራቀመው ንብረት የለም፤ በገዛ እጁ በገነባው ቤት ደጃፍ ቆሞ በሩን ለመክፈት ፈቃድ የለውም። ስህተቱን በሦስተኛው ቀን አገኘነው፤ ንብረቱም ተመለሰ። ከሰዎቹ ግን ብዙዎቹ አልተመለሱም። ከሄዱት አንዱ በየምሽቱ አዳዲስ ገቢዎችን እየተቀበለ መንገድ የሚያሳይ ወጣት ነበር። የመጨረሻ መልእክቱ ስለጠፋው ንብረት አንዲት ቃል አላነሣም፤ «ልትዛወሩ እንደሆነ ለምን አልነገራችሁንም?» የሚል ብቻ ነበር።

ለዚያ ጥያቄ በወቅቱ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ቢያንስ አራት ጉዳዮችን ለይቼ ማቅረብ እችላለሁ፦ አድራሻ፣ ማንነት፣ ርቀትና ቃል።

አድራሻን በአጭሩ ልለፈው። ተጫዋቹ ሰርቨሩን የሚያገኘው በዝርዝሩ ውስጥ ባስቀመጠው አድራሻ ነው። አድራሻው በቁጥር የተጻፈ አይፒ ከሆነ፣ ቁጥሩ የአስተናጋጁ ስለሆነ እዚያው ይቀራል። የራሳችን የዶሜይን ስም ካለን ግን ስሙ ከእኛ ጋር ይሄዳል፤ የሚያመለክትበትን ቦታ መቀየር ይበቃል። አዲሱ አስተናጋጅ ማይንክራፍት ከለመደው 25565 የተለየ ፖርት ቢሰጠን እንኳ፣ ኤስአርቪ የሚባለው የዲኤንኤስ መዝገብ ተጫዋቹ ቁጥር ሳይጽፍ እንዲገባ ያስችለዋል። እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ። የዲኤንኤስ መዝገብ በየመንገዱ ባሉ ኮምፒውተሮች ለተወሰነ ጊዜ ተይዞ ይቆያል። ይህ ጊዜ 86,400 ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ቀን ከሆነ፣ ዛሬ ብንዛወር አንዳንዱ ተጫዋች እስከ ነገ አሮጌውን ደጅ ሲያንኳኳ ይውላል። ስለዚህ ከዝውውሩ ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ወደ 300 ሰከንድ ዝቅ ማድረግ ይገባል። አሮጌውንም ሰርቨር ወዲያው ከመዝጋት ይልቅ፣ አዲሱን አድራሻ የሚናገር መልእክት ብቻ ይዞ ለጥቂት ሳምንታት ማቆየት ይጠቅማል። ሁለቱን ዓለሞች በአንድ ጊዜ ክፍት መተው ግን አደገኛ ነው፤ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ሲገነባ ቆይቶ የአንዱ ድካም መጣሉ አይቀርም።

ሁለተኛው ማንነት ነው። ማይንክራፍት የተጫዋቹን ንብረትና ያለበትን ቦታ የሚመዘግበው በስሙ ሳይሆን ዩዩአይዲ በሚባል ረጅም መለያ ነው። ሰርቨሩ የተጫዋቹን መለያ ከኩባንያው አረጋግጦ ሲቀበል አንድ ቁጥር ያገኛል፤ ያለማረጋገጫ ሲሠራ ደግሞ ከስሙ ተነሥቶ ሌላ ቁጥር ያሰላል። እኛን የጣለን ይኸው ነው። ሰውየው ስሙን እንደያዘ እንግዳ ሆነ። መፍትሔው ከዝውውሩ በፊት ልምምድ ማድረግ ነው፦ የመጠባበቂያ ቅጂውን በአዲሱ ቦታ ማቆም፣ ጥቂት ቤተኞችን በየራሳቸው መለያ ማስገባት፣ «ንብረትህ አለ? በርህ ይከፈታል?» ብሎ መጠየቅ። የመጨረሻው ቅጂ መወሰድ ያለበትም ሰርቨሩ በሥርዓት ከቆመ በኋላ ነው፤ እየሠራ ሳለ የተቀዳ ዓለም ግማሹ የአሁን፣ ግማሹ የቀድሞ ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን የጨዋታውን ሥሪት ማሻሻል አይመከርም። ችግር ቢፈጠር መንሥኤውን መለየት ያስቸግራል፤ በአዲስ ሥሪት የተከፈተ ዓለምም ወደ አሮጌው በደኅና ላይመለስ ይችላል።

ሦስተኛው ርቀት ነው፤ የፍትሕ ጥያቄ የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ እያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር ለደርሶ መልስ 10 ሚሊ ሰከንድ ያስከፍላል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት ቀጥታ መስመሩ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ስለሆነም የትኛውም አስተናጋጅ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊያወርደው አይችልም። ኬብሉ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ እውነተኛው ፒንግ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። ማይንክራፍት በሰከንድ 20 ጊዜ፣ ማለትም በየ50 ሚሊ ሰከንዱ ዓለሙን የሚያድስ በመሆኑ ግንባታ ብዙም አይጎዳም፤ ተኩስና ፍልሚያ ባለባቸው ጨዋታዎች ግን ልዩነቱ አሸናፊውን ይወስናል።

እንግዲህ ቤተኞቹ ከፊሎቹ አዲስ አበባ፣ ከፊሎቹ ዋሽንግተን ያሉ የአንድ ሰርቨር ተጫዋቾች ናቸው እንበል። ሰርቨሩ ከፍራንክፈርት ወደ ቨርጂኒያ ቢዛወር የዋሽንግተኑ ተጫዋች ደጁ ይመጣለታል፤ የአዲስ አበባው ግን ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ዝቅተኛው የደርሶ መልስ ጊዜም ከ110 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል። ኪራዩን የሚከፍለው በአብዛኛው ውጭ ያለው ወገን ሊሆን ይችላል። ታዲያ የከፈለ ይወስን ወይስ በየምሽቱ የሚገኘው? ይህን ጥያቄ ቴክኒክ አይመልሰውም። ተጫዋቾቹ ፒንጋቸውን ከየሰፈራቸው፣ በሚጫወቱበት ሰዓት ለክተው እንዲያቀርቡና በግልጽ እንዲመክሩበት ማድረግ ግን ይቻላል።

ይህም ወደ አራተኛው፣ ወደ ቃል ያደርሰናል። የኢኮኖሚክስ ሊቁ አልበርት ሂርሽማን በ1970 ባሳተሙት ሥራ፣ ቅር የተሰኘ ሰው ሁለት መንገድ እንዳለው ገልጸዋል፦ መውጣት ወይም መናገር። ታማኝነት የሚያደርገው መውጣቱን ማዘግየትና ለንግግሩ ዕድል መስጠት ነው። በጨዋታ ሰርቨር ላይ መውጣት አንዲት ንክኪ ብቻ ናት፤ ኪሳራ የለውም። ስለሆነም መናገሪያ ያላዘጋጀ አስተዳዳሪ የቅሬታውን ድምፅ የሚሰማው በዝምታ ነው። ምክንያቱን፣ ቀኑን፣ ምን እንደሚጠበቅና ምን ሊጎድል እንደሚችል አስቀድሞ መናገር፣ ሰርቨሩ በሚዘጋበት ሰዓትም ሰዎች የሚገናኙበት የቴሌግራም ወይም የዲስኮርድ ቡድን መኖሩን ማረጋገጥ የግድ ነው።

የዚህን ኃይል የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። «ኡሩ» የተባለው ጨዋታ የኦንላይን ክፍል በየካቲት 2004 ተዘጋ። ቤተኞቹ ግን አልተበተኑም፤ ተያይዘው «ዜር» እና «ሰከንድ ላይፍ» ወደተባሉ ሌሎች ዓለማት ተሰደዱ፤ የለመዷቸውንም ሥፍራዎች በአዲሱ ምድር መልሰው ሠሩ። ተመራማሪዋ ሲሊያ ፒርስ ይህን ስደት ለዓመታት ተከታትለው በ2009 በመጽሐፍ አውጥተውታል። ሰርቨር የሌለው ኅብረት ሊኖር እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን፤ ኅብረት የሌለው ሰርቨር ግን የሚሞቅ ማሽን ነው።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከመሀል አዲስ አበባ ወደ ዳርቻ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከተዛወሩት መካከል ወደ ቀድሞ እድራቸው የሚመላለሱ አሉ። ጎጇቸው ፈርሷል፤ ድንኳኑና መዝገቡ ግን ስማቸውን ያውቃል። ከዝውውር በኋላ ስንት ሰው እንደቀረን ብቻ አንቁጠር፤ እነማን እንደቀሩ እንጠይቅ። አዲስ ገቢን የሚቀበለው፣ ጠብ የሚያበርደው ሰው ከሄደ ሌሎቹም ተከትለውት ይሄዳሉና።

ያ ወጣት የጠየቀኝን ጥያቄ ዛሬ ለእናንተ አስተላልፌዋለሁ። ነገ የባንክ፣ የትምህርት ቤት ወይም የሆስፒታል ሥርዓት የምታዛውሩ ከመካከላችሁ ብዙዎች ናችሁ። ፋይሉን ከመንካታችሁ በፊት ሰዎቹን ንገሯቸው።