ሕመም ይዞ ሲጃራ መተው
(በሆሳዕና ለተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ይህን ንግግር ያሰናዳነው ሁለት ሆነን ነው። አንዳችን ከዱራሜ አቅራቢያ፥ ሌላችን ከሾኔ በኩል የመጣን፥ በአንድ መኝታ ቤት የምንኖር ተማሪዎች ነን። አንዳችን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አስም አለበት፤ ሌላው የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለ የስኳር በሽታ ይዞት በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋል። ሁለታችንም ይህ ሕመም እያለብን ሲጃራ እናጤስ ነበር። ይህን በአደባባይ ስንናገር የዛሬው የመጀመሪያችን ነውና ድምፃችን ቢንቀጠቀጥ ታገሡን።

«ታማችሁ ሳለ እንዴት ታጤሳላችሁ?» የሚል ጥያቄ በልባችሁ እንደሚመላለስ እናውቃለን። እኛም ራሳችንን ጠይቀናል፤ መልሱ የሚያኮራ አይደለም። የማይለቅ ሕመም ያለበት ወጣት ከጓደኞቹ ሁሉ ተለይቶ መኖር ይሰለቸዋል። በኳስ ሜዳ «አንተ ተቀመጥ»፥ በድግስ ቤት «አንተ ይቅርብህ» እየተባለ ያደገ ሰው፥ ከሱቅ በደረቴው አንድ ፍሬ ሲጃራ ገዝቶ ሲለኩስ፥ ለጥቂት ደቂቃ እንደ ማንኛውም ሰው የሆነ ይመስለዋል። በፈተና ሰሞን ደግሞ ጫት ይጨመራል፤ ጫቱ ሲጃራውን ይጠራል፤ አንዱ ፍሬ ሦስት፥ ሦስቱም ዐሥር ይሆናል።

በአገራችን የሚያጤስ ሰው ጥቂት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የጐልማሶች የትንባሆ ጥናት፥ ትንባሆ የሚጠቀሙት ከመቶ 5 ያህል ብቻ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከወንዶች ከመቶ 8 ያህል፥ ከሴቶች ከመቶ 2 እንኳ አይሞሉም። ይህ ለአገር ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ጥቂት መሆናችን አንድ ችግር አምጥቶብናል፤ ይኸውም መደበቅ ነው። በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ብዙው ሰው የወንጌል አማኝ እንደ መሆኑ፥ የሚያጤስ ልጅ በቤቱም በጉባኤውም ፊት አንገቱን የሚደፋ ነው። ከሁለታችን አንዱ በአገሩ የመዘምራን አባል ነበር። ስለዚህ በሸሚዛችን ላይ ያለውን ሽታ በሳሙና፥ የአፋችንን ሽታ በማስቲካ፥ ወሬውንም በውሸት ስንሸፍን ኖርን። ከእናትና ከአባት መደበቁ አንድ ነገር ነው። የባሰው ግን ከሐኪም መደበቃችን ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን፤ እኛ ደግሞ ይህን በገዛ ሥጋችን አየነው።

እንዴት እንደ ሆነ እንንገራችሁ። ሆሳዕና ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ናት፤ በክረምት ጧት ጉሙ ሲወርድ አስም ያለበት ሰው ደረቱ ይታፈናል። አስም ያለበት ጓደኛችን በአፍ ከሚሳበው መድኃኒት ሌላ ቴዎፊሊን የሚባል እንክብል ታዞለት ነበር። እንክብሉ እምብዛም አልረዳውም። ሐኪሙ «ታጤሳለህ?» ብሎ ሲጠይቀው «የለም» አለ። ሐኪሙም ይህን አምኖ መጠኑን ከፍ አደረገለት። ጥፋቱ የሐኪሙ አይደለም፤ የእኛ ነው።

የሲጃራ ጭስ በውስጡ ባሉት ሬንጅ መሰል ነገሮች ምክንያት ጉበትን ከልክ በላይ ያሠራዋል፤ ጉበትም ቴዎፊሊኑን ሥራውን ሳይፈጽም ቶሎ አጣርቶ ይጥለዋል። እንክብሉ ደካማ መስሎ የታየው ስለዚህ ነበር። በአፍ የሚሳበውም የአስም መድኃኒት በሚያጤስ ሰው ሳንባ ላይ ኀይሉ ይቀንሳል። ከዚህ በኋላ ጓደኛችን ለማንም ሳይናገር ሲጃራውን አንድ ቀን ጣለው። የጉበቱ ሥራ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ልኩ ሲመለስ፥ ለአጫሽ ተብሎ ከፍ የተደረገው መጠን ለማያጤሰው ሰውነቱ በዛበት። በሳምንቱ ልቡ ይመታ፥ እጁ ይንቀጠቀጥ፥ የበላውን ያስመልስ ጀመር፤ እንቅልፍም ራቀው። እርሱ ግን «ሲጃራ መተው እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ እኔ አልችለውም» ብሎ ተስፋ ቈረጠ፤ በዐሥረኛው ቀን ሌሊት ተነሥቶ ለኰሰ። ሕይወቱን ሊያጠፋ የተቃረበው መድኃኒት መብዛቱ ሆኖ ሳለ፥ ክሱ የተላለፈው ሲጃራውን በመተዉ ላይ ነበር።

በማግሥቱ ደግፈን ወደ ሕክምና ቤት ወሰድነው። በመንገድ ላይ «እውነቱን ካልተናገርህ እኔ እናገራለሁ» አልነው። ተናገረ። አልተሰደበም፤ አልተባረረም። መጠኑ ተቀነሰለት፤ ሁለተኛም የሚተውበትን ቀን ከሐኪሙ ጋር ሆኖ ወሰነ።

የስኳር በሽታ ያለበትም የራሱን ትምህርት ተማረ። ሲጃራ የደም ሥሮችን ያጠባል፤ ስኳርም እንዲሁ የደም ሥሮችን ይጐዳል፤ ሁለቱ ሲተባበሩ ልብ፥ ኩላሊት፥ ዐይንና እግር ይከፍላሉ። ይህን ዐውቆ ሲተወው በሲጃራው ፋንታ ከረሜላ ኪሱን ሞላ፤ ስኳሩም ሽቅብ ወጣ። ከረሜላውን ትቶ ጥቂት ሳምንት ከቈየ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ሲጃራ ኢንሱሊንን ያደክማልና፥ ሲጃራው ሲቀር የቀድሞው መጠን የሚበዛበት ቀን አለ፤ ያን ጊዜ ስኳር ይወርዳል። የስኳር መውረድ ምልክቱ መንቀጥቀጥ፥ ማላብ፥ መራብና መቈጣት ነው። የሲጃራ አምሮትም ከዚሁ ጋር በጣም ይመሳሰላል። እንግዲህ ይህ ሰው ሲንቀጠቀጥ «ሱሴ ነው፥ እችለዋለሁ» ብሎ ቢተኛ ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ በመኝታ ቤታችን አንድ ሕግ አወጣን፤ አስቀድሞ ይለካ፥ ከዚያ በኋላ ይታሰብ።

ስለ ቡናም አንድ ቃል። ጭሱ ቴዎፊሊኑን ቶሎ እንዲጠፋ እንደሚያደርግ ሁሉ፥ በቡና ውስጥ ያለውንም ካፌይን እንዲሁ ያደርጋል። ሲጃራ የተወ ሰው አቦል፥ ቶና፥ በረካ እያለ እንደ ልማዱ ከጠጣ ካፌይኑ በደሙ ውስጥ ይሰነብትበታል፤ እንቅልፍ ያጣል፥ ይበሳጫል፤ ይህንም የሱስ ጣጣ ያደርገዋል። እኛ ለአንድ ወር ያህል በአቦል ብቻ ተወሰንን፤ እንቅልፋችንም ተመለሰ።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ ከዚህ ያገኘነውን በአጭሩ እንናገር። ከሁሉ በፊት፥ ሕመም ያለበት ሰው ሲጃራ ሊተው ሲነሣ ለሐኪሙ ይንገር፤ መድኃኒቱንም በራሱ ፈቃድ አይጨምር፥ አይቀንስ። ቀጥሎም፥ የሚተውበትን ቀን ቈርጦ ቢያንስ ለአንድ ሰው ያሳውቅ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች ከሁሉ የከበዱ ናቸው፤ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ግን አምሮቱ እየሳሳ ይሄዳል። በእነዚያ ቀኖች ጫት ወደሚቃምበት ቤት አይግባ። ደግሞም ቢወድቅ እንደ ሞተ አይቍጠረው። እኛ አንዳችን ሁለት ጊዜ፥ አንዳችን አንድ ጊዜ ወድቀን ተነሥተናል። ትርፉ ሩቅ አይደለም፤ የጭሱ መርዘኛ ጋዝ በአንድ ሁለት ቀን ከደም ይወጣል፤ ከአንድ ዓመት በኋላም ሲጃራ ያመጣው የልብ በሽታ አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ለማኅበራችንም ጥያቄ አለን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 ሲጃራ በፍሬ እንዳይሸጥ፥ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰውም እንዳይሸጥ፥ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥም እንዳይጤስ ይከለክላል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን እኛ ሲጃራውን የገዛነው ሁልጊዜ በፍሬ ነበር። ማኅበሩ ሻጩን ድኻ ልጅ እንዲያሳድድ አንጠይቅም፤ የምንጠይቀው ገዢው እኛው መሆናችንን እንድናስብ ነው። በአንድ መኝታ ቤት ውስጥ አንድ አስም ያለበት ተማሪ ካለ፥ እርሱ እስኪለምነን ሳንጠብቅ ጭሱን ከዚያ ቤት እናውጣ። አንድ ጓደኛችንም «አጤሳለሁ» ብሎ ቢነግረን ስሙን ለወሬ አናውጣው። ከተማችን በሐዲያ ልጅ በንግሥት እሌኒ ስም የተሰየመ ሆስፒታል ያላት ናት፤ ነገር ግን በካርዱ ላይ ሐሰት የጻፈ ሰው በማናቸውም ሆስፒታል አይድንም። ሐሰቱን የሚያጽፈው ደግሞ የእኛ ሹክሹክታ ነው።

በመጨረሻ፥ በከምባታ ምድር በሐምበሪቾ ተራራ ላይ 777 ደረጃዎች ተሠርተዋል። አምና አስም ያለበት ጓደኛችን መቶውን እንኳ ሳይፈጽም ተቀምጦ ሌሎቹ ሲወጡ ተመለከተ። ሲጃራ ከተወን እነሆ አምስተኛ ወራችን ነው። ባለፈው ወር ሁለታችን አብረን ወጣን። መድኃኒቱንና የስኳር መለኪያውን በአንድ ከረጢት ይዘን፥ ብዙ ጊዜ እያረፍን ነበር። አስሙም ስኳሩም አብረውን ወጡ፤ አብረውን ወረዱ። ሲጃራው ግን አልተከተለንም።