የሕፃናት ማቆያ በመሬት አጠቃቀም ፕላን ውስጥ፦ ደባርቅና ዳባትን መነሻ ያደረገ ንግግር



ዛሬ የምናገረው በፕላን ካርታ ላይ ቀለም ስላልተሰጠው አንድ አገልግሎት ነው። የአንድን ከተማ መዋቅራዊ ፕላን ብትዘረጉ መኖሪያው፣ ንግዱ፣ አስተዳደሩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የመቃብር ሥፍራው ሳይቀር በየቀለሙ ተለይቶ ታገኙታላችሁ። እናቱ ለሥራ ስትወጣ የአምስት ወር ወይም የሁለት ዓመት ሕፃን የሚውልበትን ቦታ ግን ፈልጋችሁ ማግኘታችሁ ያጠራጥራል።

«አፀደ ሕፃናት አለ» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰጠኛል። አፀደ ሕፃናት የትምህርት እርከን ነው። በ2002 ዓ.ም የወጣው የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አፀደ ሕፃናትን ያሰበው አራት ዓመት ለሞላው ልጅ ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን ዕድሜ በዋናነት ለጤና አገልግሎትና ለወላጆች ትምህርት ተወው። በ2010 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ደግሞ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሰጠ። በዘጠናኛው ቀንና በአራተኛው ዓመት መካከል ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ አለ።

ሕጉ ይህን ክፍተት ፈጽሞ አላየውም ማለት አይደለም። ያው አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ጡት የሚያጠቡበትና ሕፃናታቸውን የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዘዘ። መልካም ድንጋጌ ነው። ነገር ግን ማቆያውን ያሰረው ከመሥሪያ ቤት ጋር እንጂ ከመሬት ጋር አይደለም። ክርክሬም እዚህ ላይ ነው፦ ማቆያ የአሠሪ ግዴታ ብቻ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ አሠሪ የሌላት እናት ከደጅ ትቀራለች።

ደባርቅን እንመልከት። የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ፣ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል ተቋም ስለሆነ አዋጁ ደርሶታል። ከግቢው አጥር ውጭ ጉልት የምትቸረችረዋ፣ ጠላ ጠምቃ የምትሸጠዋ፣ በሆቴል አልጋ የምታነጥፈዋ ሴትስ? ለጎብኝዎች ምግብ ለማብሰል ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ የምትወጣዋ እናት ደግሞ የምትቀረው ለሰዓታት ሳይሆን ለቀናት ነው፤ የእርሷን ችግር የቀን ማቆያ ብቻውን እንደማይፈታው እግረ መንገዴን ልጥቀስ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍታ በላይ የምትገኝ ደጋ ናት። በንጋት ብርድ ሕፃን በአንቀልባ አዝሎ ገበያ መዋል ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

«የእኛ ማኅበረሰብ አያት አለው፣ ጎረቤት አለው» ይባላል። እውነት ነው፤ ለብዙ ዘመን የቆየውና እስካሁንም ከሁሉ የተሻለው ማቆያ የአያት ጓሮ ነው። ሆኖም ይህ ማቆያ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታውም ሲፈርስ ማንም አይመዘግበውም። ከፓርኩ ውስጥ ከግጭ መንደር ተነሥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ የተደረጉትን ቤተሰቦች አስቡ። የፓርኩ ከጉዳት መዳን በዓለም ፊት ተመስክሮለታል፤ በ2009 ዓ.ም መጨረሻ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጥቷል። በዚያን ጊዜ እንዲህ ባለ ሠፈራ ካሳ ሲተመን ግን የሚቆጠረው ቤቱ፣ መሬቱና ቋሚ ተክሉ ነበር። አማት፣ እኅትና ጎረቤት በአንድ አጥር ዙሪያ መሆናቸው ለሕፃን ይሰጥ የነበረው ጥበቃ በሠንጠረዡ ላይ ዓምድ አልነበረውም። አያት በሌለችበት የሚተካው ማን ነው? አንድም ከትምህርቷ የምትቀረው ታላቅ እኅት፣ አንድም ከገጠር ለሞግዚትነት የመጣች፣ ራሷም ገና ልጅ የሆነች ልጃገረድ ናት። ስለዚህ «ወጪ የለውም» የምንለው ማቆያ ወጪውን የሚከፍለው በሌላ ሕፃን ነው።

አሁን ወደ መሬቱ። በ2004 ዓ.ም የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ቦታ የሚተላለፍባቸውን ሁለት መንገዶች ደንግጓል፤ ጨረታና ምደባ። በመንግሥት ወይም በበጎ አድራጎት ድርጅት ለሚካሄድ የማኅበራዊ አገልግሎት ተቋም ቦታ በምደባ ሊሰጥ ይችላል። በሌላ አነጋገር ማዘጋጃ ቤቱ ለማቆያ ቦታ ለመመደብ አዲስ ሕግ መጠበቅ የለበትም፤ የጎደለው በፕላኑ ላይ በስሙ ተለይቶ መያዙ ነው። ያልተያዘ ቦታ ለጨረታ ይወጣል። በአዋጁ መሠረት ከአዲስ አበባ ውጭ ለንግድ የተላለፈ ቦታ የሊዝ ዘመኑ እስከ 70 ዓመት ይደርሳል። በደባርቅ ገበያ አጠገብ ያለ ቁራሽ መሬት ዘንድሮ ለንግድ ከወጣ፣ ዛሬ የተወለደው ሕፃን ሽማግሌ እስኪሆን ድረስ ላይመለስ ይችላል። ሕንፃ በሚቀጥለው በጀት ሊሠራ ይችላል፤ ቦታ ግን አይጠብቅም።

ጎረቤቶቿን ሰብስባ የአምስት ስድስት ሕፃናትን ቀን የምታውል ሴትስ? እርሷ መንግሥትም በጎ አድራጎት ድርጅትም ስላልሆነች ለቦታ ከነጋዴ ጋር መጫረት ይኖርባታል፤ በመኖሪያ ቤቷ ብትሠራ ደግሞ የአጠቃቀም ለውጥ ጥያቄ ሊነሣባት ይችላል። የካሊፎርኒያ ግዛት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ፈቃድ ያለው የቤት ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ትልቁም ትንሹም እንደ መኖሪያ አጠቃቀም እንዲቆጠር አድርጎ፣ ከተሞች የተለየ የቦታ ፈቃድ እንዳይጠይቁ ከልክሏል። የሀብታም አገር አሠራር እንዳለ ይገልበጥ አልልም። ይህኛው ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ በአካባቢ ልማት ፕላን ማስፈጸሚያ ደንብ ላይ የምትጻፍ አንዲት ዐረፍተ ነገር ትበቃዋለች።

«የት ይቀመጥ?» ለሚለው ጥያቄ ዳባት ብዙ ወረዳዎች የሌላቸው ሀብት አላት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በወረዳዋ በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን በተከታታይ ይመዘግባል። ለጤና ምርምር የተሰበሰበ ቢሆንም፣ ከአራት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በየትኛው ቀበሌ እንደሚበዙ ለማወቅ ለፕላን ባለሙያ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። በጤናና በፕላን ትምህርት ክፍሎች መካከል ያለው ኮሪደር ያን ያህል ረዥም አይደለም።

ከዳባት ሳንወጣ፣ ለኤርትራውያን ስደተኞች የተከፈተው የአለምዋጭ መጠለያም በዚያው አጠገብ ነው። በዓለም አቀፍ የሰብዓዊ ዕርዳታ አሠራር ለሕፃናት የተለየ ምቹ ሥፍራ ማዘጋጀት ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ነው። በችግር ጊዜ የሚታሰበው በሰላም ጊዜ ለምን ይረሳል? በገጠሩም ቢሆን፣ በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የአሠራር መመሪያው እናቶች በሕዝባዊ ሥራ ላይ ሲሰማሩ ለልጆቻቸው ማቆያ እንዲዘጋጅ ያስባል። በስሜን ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች ግን ጊዜያዊ ዳስ ከሥራው ጋር ይነሣል። ከጤና ኬላው ወይም ከአርሶ አደር ማሠልጠኛው አጠገብ ከወል መሬት ላይ የተከለለች ትንሽ ቦታ ብትኖር ትቆይ ነበር።

የምቀበለው አንድ ተቃውሞ አለ፤ ተከልሎ ባዶ የተቀመጠ ቦታ ይወረራል። አዎ፣ ይወረራል። ስለዚህ ሕንፃው እስኪሠራ ድረስ መጫወቻ ወይም የችግኝ ጣቢያ ይሁን፤ ሰው የሚውልበት ቦታ ጠባቂ አያጣም።

በ2000 ዓ.ም የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 መዋቅራዊ ፕላን ለአሥር ዓመት እንዲያገለግልና ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ያዛል። ውይይቱ በሥራ ሰዓት በአዳራሽ ሲጠራ ሕፃን ያዘለች እናት እንደማትመጣ ግልጽ ነው፤ በገበያ ቀን ገበያው ውስጥ ካርታውን መስቀል ይቻላል። ተማሪዎቼ በዚህ የትምህርት ዘመን እንዲሠሩ የምጠይቀውም ይህንኑ ነው። በደባርቅ የገበያውንና የመናኸሪያውን ዙሪያ በእግር ለኩ፤ ጡት የምታጠባ እናት ከጉልቷ ተነሥታ በአሥር ደቂቃ ደርሳ የምትመለስባቸውን፣ እስካሁን ለማንም ያልተላለፉ ቦታዎች በካርታ ላይ አስፍሩ፤ ካርታውንም ለጨረታ ከመውጣታቸው በፊት ለማዘጋጃ ቤቱ አስረክቡ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።