የሳምንቱ የአየር ትንበያና የዝናብ ዓይነቶች

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ መዋጮ አይደለም፤ አትሥጉ። ስለ ዝናብ ነው። «ዝናብን ደግሞ የማያውቅ ማን አለ?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ደብረ ማርቆስ መንቆረር ትባል ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ሰዉ ብርዱንም ዝናቡንም ለምዶ የኖረ ነው። ያለነው ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በዓመት የምናገኘው ዝናብ 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። እንግዲህ የሚጎድለን ዝናቡን ማወቅ ሳይሆን፣ ትንበያውን ሰምቶ ቀድሞ መነሣት ነው።

ትንበያውን የሚያወጣው በ1973 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው፣ አሁን የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። የዕለቱን፣ የአሥር ቀኑን፣ የወሩንና የወቅቱን ይናገራል። በሬዲዮ «በምሥራቅ ጎጃም በአንዳንድ ቦታዎች ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» ሲባል እንሰማለን። በማግሥቱ በሰፈራችን ጠብ ሳይል ከቀረ ደግሞ «ዋሹን» እንላለን። ኧረ ቃሉን እናስተውል! «በአንዳንድ ቦታዎች» ማለት በእያንዳንዳችን ጣራ ላይ ማለት አይደለም። እኛን አልፎ አማኑኤል ወይም ደጀን ላይ ከጣለ፣ ተናጋሪው አልዋሸም።

ሌላው ሚሊ ሜትር የሚባለው ነገር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ከባድ ዝናብ የሚባለው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ሲጥል ነው። እስቲ አብረን እናስላ። ጣራው 40 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት በ30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,200 ሊትር፣ ማለትም ስድስት በርሜል ውሃ ያፈሳል። በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሃያ ቤቶች 120 በርሜል ያፈሳሉ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚወርደው በአንዲት ቦይ ነው። ቦይዋ በፌስታልና በአመድ ከተደፈነች፣ ውሃው የሚገባው ቆሻሻውን ከጣለው ሰው ቤት ሳይሆን ከታች ካሉት ጎረቤቶቻችን ቤት ነው። እነሱስ ምን አደረጉ?

አሁን ወደ ዓይነቶቹ ልግባ፤ እያንዳንዱ የሚጠይቀን ሥራ የተለያየ ነውና።

አንደኛ፣ ካፊያ። ቀኑን ሙሉ እኝኝ ሲል የሚውለው ነው። ሰው ይንቀዋል፤ ነገር ግን የጭቃ ግድግዳን ቀስ በቀስ የሚያርሰው እሱ ነው። ምርጊቱ የተላቀቀ ቤት ከክረምት በፊት ይመረግ።

ሁለተኛ፣ ዶፍ። ባጭር ጊዜ ብዙ ውሃ ያወርዳል። የዶፍ መድኃኒቱ ቀድሞ የተጠረገ ቦይ ነው።

ሦስተኛ፣ ወጨፎ። ነፋስ እያጋደለ በበርና በመስኮት የሚያስገባው ነው። እህል ከግድግዳው ይራቅ፤ ከወለሉም በእንጨት ከፍ ይበል። የላላ ቆርቆሮ ይመታ።

አራተኛ፣ በረዶ። በትልቅ ደመና ውስጥ ወደ ላይ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ጠብታውን ወደ ቀዝቃዛው ቦታ ይወስደዋል፤ እዚያ ይረጋል፣ ይወፍራል፤ ነፋሱ መሸከም ሲያቅተው ይወድቃል። በሬዲዮ የፈረንጅ አገር «በረዶ» ሲባል ግን እንደ ጥጥ የሚበተነው ሌላ ነው። እኛ ሁለቱንም በአንድ ስም ስለምንጠራቸው ነው የሚያሳስተን።

ውርጭ ግን ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። በበጋ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ሲያጣ፣ በቅጠሉ ላይ ያለው እርጥበት በረዶ ይሆናል። በጓሯችሁ ድንች ወይም ጎመን ያላችሁ፣ ውርጭ ይጠበቃል ሲባል ማታውኑ በሣር ሸፍኑት።

መብረቅን ሳልናገር አላልፍም፤ ሕይወት የሚያጠፋ ነውና። ብልጭታውን አይታችሁ እስከ ነጎድጓዱ ድረስ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሠላሳ ሳይሞላ ከተሰማችሁ ቤት ግቡ። ለልጆቻችን፣ በተለይ ለእረኞች፣ ለብቻው ከቆመ ባሕር ዛፍ ሥር እንዳይጠለሉ እንንገራቸው። ዛፉ ከዝናብ ያስጥል ይሆናል እንጂ ከመብረቅ አያስጥልም።

የኅዳርም ዝናብ አይዘንጋ። ታጭዶ በተከመረ ጤፍ ላይ የሚመጣ ያለ ወቅቱ ዝናብ የዓመት ልፋት ያበላሻል። ገጠር እርሻ ያላችሁ፣ በመኸር ጊዜ ትንበያውን ሰምታችሁ ለዘመዶቻችሁ ስልክ ደውሉ።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ሰኞ ሰኞ የሳምንቱ ትንበያ በዚህ ሰሌዳ ላይ በትልቅ ፊደል ይለጠፋል። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች የተማሩ ልጆች ያንብቡላቸው። ከባድ ዝናብ ይጠበቃል የሚል ከወጣ፣ እያንዳንዱ ቤት በደጁ ያለውን ቦይ በዚያው ዕለት ይጥረግ። ሰው ለሌለው አቅመ ደካማ ጎረቤት ደግሞ ወጣቶቻችን ይጥረጉለት። ዝናቡ ቢቀር የጠፋብን አንድ ሰዓት ነው፤ ቢመጣ ግን የዳነው የጎረቤት ቤት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሏል ይኸው ነው።

ክረምቱን የበረከት ያድርግልን።